«ማስታወቂያ» እና የእንግሊዝኛ አቻዎቹ

በንፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ከመካኒሳ ወደ ላፍቶ በሚወስደው መንገድ ዳር የተተከለው የሳሙና ሰሌዳም፣ በወረዳው ጽሕፈት ቤት በር ላይ የተለጠፈው ወረቀትም በአንድ ስም «ማስታወቂያ» ይባላሉ። ቃሉ «አስታወቀ» ከሚለው ግሥ የወጣ የመሣሪያ ስም ነው፤ የማሳወቅን ድርጊት እንጂ የአስታዋቂውን ዓላማ አያመለክትም። የቀድሞው የማስታወቂያ ሚኒስቴር በእንግሊዝኛ «ኢንፎርሜሽን» ሲባል፣ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 «አድቨርታይዝመንት» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ወደ እንግሊዝኛ የሚተረጉም ሰው ከቃሉ ይልቅ ዓላማውን መመርመር ይገባዋል። ጽሑፉ ገዢን የሚሻ ከሆነ «አድቨርታይዝመንት»፣ መብትን ወይም ግዴታን የሚያሳውቅ ከሆነ «ኖቲስ»፣ ሠራተኛን የሚፈልግ ከሆነ «ቬካንሲ አናውንስመንት»፣ ተጫራቾችን የሚጠራ ከሆነ «ኢንቪቴሽን ቱ ቢድ» ይሆናል።

ልዩነቱ የቃላት ምርጫ ብቻ አይደለም። የግብር ውሳኔ ማስታወቂያ «አድቨርታይዝመንት» ተብሎ ቢተረጎም፣ አማርኛ የማያውቀው ግብር ከፋይ እንደ ተራ የንግድ ወረቀት ቆጥሮ ይተወዋል፤ ቅሬታ የሚያቀርብበትም ቀን ያልፍበታል።

ስለዚህ የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለ«ማስታወቂያ» አንድ አቻ ሰጥቶ ማለፍ የለበትም፤ እያንዳንዱን አቻ «የንግድ»፣ «የጨረታ»፣ «የሥራ» ከሚሉት ዘርፎች ጋር አያይዞ ሊያሰፍር ይገባል።