ኮምፒውተሩ አልነሳ ሲል ፋይሉ የት ነው?

ከጃናሞራዋ መካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ያቋርጣል። በቧሂት ተራራ በኩል ሲያልፍ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ይበልጣል። አልነሳ ያለውን ላፕቶፕ ለማስጠገን በዚያ በኩል የሚሄድ የጃናሞራ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፤ ፋይሉ የተቀመጠበት ሃርድ ዲስክ ለመሥራት አየር ይፈልጋል።

በነባሩ ዓይነት ሃርድ ዲስክ ውስጥ ክብ ሳህኖች በደቂቃ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይሽከረከራሉ። ፋይሉን የሚያነበው ጫፍ ሳህኑን አይነካም። ሽክርክሪቱ በሚፈጥረው ስስ አየር ላይ በጥቂት ናኖ ሜትር ርቀት ይንሳፈፋል። አንድ የሰው ፀጉር ውፍረቱ በአስር ሺዎች ናኖ ሜትር ይለካል፤ ርቀቱ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ከዚህ መገመት ይቻላል። ከፍታ ላይ አየሩ በሳሳ ቁጥር ጫፉ ወደ ሳህኑ ይቀርባል፤ ከነካው ይቧጭረዋል። ለዚህ ነው ብዙ አምራቾች ዲስኩ እየሠራ ሊቆይ የሚችልበትን ከፍታ 3,000 ሜትር ግድም ላይ የሚገድቡት። ሲጠፋ ግን ጫፉ ማረፊያው ላይ ስለሚቀመጥ ከፍታው አያሰጋውም። ስለዚህ ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ አጥፍቶ መጫን ነው፤ መንገድ ላይ ጨነቅ ከሚባለው ቦታ ወርዶ «እስቲ አሁን ይነሳ እንደሆነ» እያሉ መሞከር ይቅር። ከብርዱ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባም እርጥበት ስለሚቋጥር ለአንድ ሁለት ሰዓት ሳያበሩ ማቆየት ይበጃል። ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት የሚሽከረከር ነገር ስለሌለው ከከፍታው ስጋት ነፃ ነው።

ደግነቱ ብዙ ጊዜ የታመመው ዲስኩ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኃይሉ ከፍ ብሎ ፓወር ሰፕላዩን ያቃጥላል፤ ራሙ ይበላሻል፤ ወይም የዊንዶውስ ፋይሎች ይዛባሉ። በነዚህ ሁሉ ደብዳቤው፣ የደመወዝ ሊስቱ፣ የሠርጉ ፎቶ ባለበት አለ። ጠጋኙ ዲስኩን ፈትቶ በዩኤስቢ ማገናኛ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያያይዘውና ይገለብጣል። ማሽኑ የሚበራ ሆኖ ዊንዶውስ ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ኡቡንቱ የሚባለው ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት በተጫነበት ፍላሽ አስነስቶ ወደ ሌላ ዲስክ መቅዳት ይቻላል፤ ክፍያም የለውም። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ግን ወዲያውኑ ማጥፋት ነው። እያንዳንዱ ተጨማሪ ሙከራ ይጎዳዋል።

በእኔ ግምት ፋይል የሚጠፋው ከብልሽቱ ይልቅ «ፎርማት እናድርገው» በሚለው ችኮላ ነው። ዴስክቶፕ ላይ የምናስቀምጠው ሁሉ የሚገኘው ሲ (C) በሚባለው ድራይቭ ውስጥ ነው፤ ፎርማት የሚደረገውም እሱው። ፈጣኑ ፎርማት ማውጫው እንደተቀደደ መጽሐፍ ነው፤ ገጾቹ አሉ፣ የት እንዳሉ የሚጠቁም ግን የለም። እንደ ፎቶሬክ ያሉ ነፃ ፕሮግራሞች ሊያገኟቸው ይችላሉ። አዲስ ዊንዶውስ ከተጫነበት በኋላ ግን የተጻፈበት ቦታ አይመለስም፤ ኤስኤስዲ ከሆነ ተስፋው ይበልጥ ይመነምናል። «የእኔ ዲ ላይ ነው» ማለት ከፎርማት ያድናል፤ ሲና ዲ አንድ ዲስክ ተከፍሎ ከሆነ ግን ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ቢትሎከር የሚባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቶ ከሆነም ባለ 48 አኃዙ ቁልፍ ካልተገኘ ዲስኩ ቢፈታም አይነበብም፤ ብዙውን ጊዜ ቁልፉ በባለቤቱ የማይክሮሶፍት አካውንት ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ላፕቶፑን ስታስረክቡ «መጀመሪያ ፋይሌን አውጣልኝ፤ ፎርማቱ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል» በሉ። የሚገለበጥበትን ዲስክም ራሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ።