ጎሉን ጎረቤት ቀድሞ ሲያየው

ዲሽ ያለው ጎረቤት «ጎል!» ብሎ ሲጮኽ፣ ጨዋታውን በኢንተርኔት የሚያየው ሰው ቤት ኳሷ ገና መሀል ሜዳ ላይ ናት። ብዙዎች ይህን ከደካማ መስመር ያያይዙታል፤ ፈጣን ፋይበር የገባለት ቤት ግን ከዚህ አያመልጥም። ሳተላይት አንዱን ስርጭት ለሁሉም እኩል ይለቃል፤ ስንት ሰው እንደተቀበለው አያውቅም። የኢንተርኔት ቴሌቪዥን አመጣጡ ሌላ ነው። ምስሉ ብዙውን ጊዜ የጥቂት ሰከንድ ርዝመት ባላቸው ትንንሽ ፋይሎች ይቆራረጣል፤ ቲቪው ቁራጮቹን በየተራ እየጠየቀ ያወርዳል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣውና ዛሬም በስፋት በሚሠራበት ኤችኤልኤስ በተባለው ዘዴ፣ ማጫወቻው በተለምዶ ሦስት ቁራጭ ያህል ወደ ኋላ ቀርቶ ይጀምራል። ቁራጩ 6 ሰከንድ ከሆነ 18 ሰከንድ እዚሁ ሄደ ማለት ነው፤ ምስሉን ለማቀናበርና ለመላክ የሚፈጀው ሲጨመርበት ግማሽ ደቂቃ ቢጠጋ አይገርምም።

ይህ መዘግየት ሆን ተብሎ የሚደረግ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያለ ሰው ሮቶ የሚሰቅለው ለምን እንደሆነ ያውቃል፤ ማጫወቻውም ጥቂት ቁራጭ የሚያጠራቅመው መስመሩ ለአፍታ ቢጠፋ ምስሉ እንዳይቆም ነው። የተጠራቀመው ሲያልቅ ያቺ የምትሽከረከር ክብ ትመጣለች።

እንዳያልቅም አንድ መላ አለ። እያንዳንዱ ቁራጭ በተለያየ ጥራት ተዘጋጅቶ ሰርቨሩ ላይ ይቀመጣል፤ ዩቲዩብ ላይ 144፣ 360፣ 720፣ 1080 የሚሉት ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። መስመሩ ሲደክም ማጫወቻው ቀጣዩን ቁራጭ ከዝቅተኛው ይወስዳል፣ ሲያገግም ወደ ላይ ይመለሳል። የዜና አንባቢው ፊት ድንገት ደብዝዞ ትንሽ ቆይቶ የሚጠራው ለዚህ ነው። በእጅ 1080 ላይ የሚቆልፉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልመክርም። ደብዘዝ ያለ ጎል ካልታየ ጎል ይሻላል።

ፍጥነቱ ምን ያህል ይበቃል? ኔትፍሊክስ ለ1080 ጥራት 5፣ ለፎርኬ 15 ሜጋ ቢት በሰከንድ ይበቃል ይላል። ሜጋ ቢት ነው እንጂ ሜጋ ባይት አይደለም፤ አንዱ ባይት ስምንት ቢት ነው። በ5 ሜጋ ቢት አንድ ሰዓት ማየት 2.25 ጊጋ ባይት ይበላል፤ ከእረፍቱ ጋር ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ጨዋታ 4.5 ጊጋ ባይት ሆነ ማለት ነው። ዳታ በፓኬጅ ለሚገዛ ሰው ቀልድ አይደለም። በስልክ ስክሪን ለማየት 1 ሜጋ ቢት ገደማ ይበቃል፤ ያው ጨዋታ ከ1 ጊጋ ባይት በታች ያልቃል።

እንግዲህ 10 ሜጋ ቢት የሚከፍል ቤት አንድ ቲቪ ሳይቆራረጥበት ማየት ነበረበት። ሲቆራረጥበት ብዙው ሰው ወደ 20 ያሳድጋል፤ ነገሩ ግን ባለበት ይቀጥላል። እኔ ብዙ ቤት ያየሁት ችግር ከራውተሩ እስከ ቲቪው ባሉት ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ያለ ነው። ራውተሩ ሳሎኑን እንዳያበላሽ ተብሎ ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ ይገባል፤ አንዳንዱ ቤት ዳንቴል ሁሉ ይለብሳል! ከላዩ ላይ ቲቪው ራሱ ተደግፎ፣ ከጎኑ ትልቅ መስታወት። ብረትና መስታወት ደግሞ ለዋይፋይ ጠላት ናቸው። አውጥቶ ከፍ ያለ ገላጣ ቦታ ላይ ማስቀመጥ ገንዘብ አይጠይቅም።

ሞገዱም ይለያል። 2.4 ጊጋ ኸርዝ ግድግዳ ማለፍ ይችልበታል፤ ነገር ግን እርስ በርስ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ስለሆኑ ኮንዶሚኒየም ላይ የሁሉም ጎረቤት ራውተር እዚያ ይጋፋል። ማይክሮዌቭም የሚሠራው በዚሁ አካባቢ ነው፤ ምሳ ሲሞቅ ምስሉ የሚቆም ከሆነ ጥፋተኛው ተገኘ። 5 ጊጋ ኸርዝ ፈጣን ነው፣ ኮንክሪት ግን ይከብደዋል። ከሁሉም የሚሻለው የኔትወርክ ኬብል ከራውተሩ ወደ ቲቪው መዘርጋት ነው። የብዙ ቲቪዎች የኬብል ቀዳዳ ከ100 ሜጋ ቢት አያልፍም፤ ለፎርኬ ግን ይተርፋል። ፍጥነት ስትለኩም ቲቪው አጠገብ ቆማችሁ፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት በምሽቱ 2 ሰዓት ለኩ፤ ጠዋት ራውተሩ ሥር የተለካ ቁጥር ለወሬ ይሆናል እንጂ ለሌላ አይጠቅምም።

መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ሰፈር ራውተሩ በጠፋ ቁጥር ለመነሳት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። ብዙዎቹ ራውተሮች በ12 ቮልት ስለሚሠሩ አነስተኛ ዩፒኤስ ይበቃቸዋል።

በሺህ የሚቆጠር ቻናል ያለ ፈቃድ በርካሽ የሚሸጡት ሳጥኖችስ? የስርጭቱ ባለመብት ሲያዘጋቸው፣ ያውም በትልቅ ጨዋታ መሀል፣ ገንዘቡን የሚመልስ የለም።

መንገድ ላይ ችግሩ ይለወጣል። ሆቴል ዋይፋይ ብዙ ጊዜ የክፍል ቁጥርና ስም የሚጠይቅ ገጽ ይከፍታል፤ ቲቪ ላይ የሚሰካ ስቲክ ሁሉ ደግሞ ይህን ገጽ መክፈት አይችልም። ቢከፍትም ሆቴሉ የእንግዶቹን መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ስለሚያደርግ ከስልክ ወደ ቲቪ መላክ ይሰናከላል። የመፍትሔው ስም ትራቭል ራውተር ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ በስልክ ይመዘገባል፣ ከዚያ ሁሉም ዕቃ በእሱ በኩል ይገባል። እሱ ከሌለ የስልክ ሆትስፖት፤ ዳታውን ግን ከላይ እንዳሰላነው አስሉት።

ሌላው ድንበር ነው። የማሳየት መብት በሀገር ስለሚሸጥ አገልግሎቱ በአይፒ አድራሻ የት እንዳላችሁ ያያል። በአውሮፓ ኅብረት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ደንብ ጀርመን የሚኖር ደንበኛ ጣሊያን ለዕረፍት ቢሄድ የከፈለበትን እዚያም እንዲያሳየው አገልግሎቱን ያስገድዳል፤ ብሪታንያ ከ2021 ጀምሮ ከዚህ ወጥታለች። ያሉበትን ሀገር ለመሸሸግ ቪፒኤን የሚሞክሩ አሉ፤ ብዙ አገልግሎቶች ይዘጉታል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ደግሞ ወንጀል ለመፈጸም ወይም ለመሸሸግ ከተጠቀሙበት የገንዘብ ቅጣቱ ከ500 ሺህ ድርሃም ይጀምራል፤ ዱባይ ያሉ ወገኖች ይህን ሳያውቁ እንዳይነኩት። ዋናው ነገር የሚያዩትን ከቤት ሳይወጡ ማውረድ ነው። ከወረዱት ፊልሞች ግን ማየት ከተጀመረ በ48 ሰዓት የሚያበቁ ስላሉ ቀኑን አስቀድማችሁ እዩ።

የሆቴሉ ቲቪ ላይ በራሳችሁ አካውንት ከገባችሁ ቁልፉን ከመመለሳችሁ በፊት ውጡ። ከረሳችሁት ስልካችሁ ላይ የአካውንቱን ማስተካከያ ከፍታችሁ ከሁሉም መሣሪያ መውጣት ትችላላችሁ፤ አለዚያ ቀጣዩ እንግዳ በእናንተ ስም እያየ ያድራል።