ቤቱ ዶሮዎቹን እንዳይበላቸው!

ዘንድሮ ከጓደኛችሁ ጋር ሻይ ቡና ስትሉ ወሬው ወደ ዶሮ ያላመራበት ቀን ካለ እስቲ ንገሩኝ። ድሮ የዶሮ ነገር የሚነሣው በዓል ሲደርስ ነበር። በ2015 ዓ.ም. «የሌማት ትሩፋት» በይፋ ከተጀመረ ወዲህ ግን ዲግሪ የጫነውም፣ ቢሮ የሚውለውም፣ ገና ሥራ የሚፈልገውም ስለ ቄብና ስለ መኖ ያወራል። እሰየው ነው! እኔን የሚያሳስበኝ ዶሮው ሳይሆን ቤቱ ነው። ብዙ ወጣት ገንዘቡን የሚጨርሰው ዶሮዎቹ ገና ግቢ ሳይገቡ፣ በጣውላና በአናጢ ነው።

በሰፈሬ የሆነውን ልንገራችሁ። ሁለት ጓደኛሞች ያጠራቀሟትን ይዘው አናጢ ጠሩ። አዲስ ጣውላ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ በላዩ ላይ አረንጓዴ ቀለም! አላፊ አግዳሚው ቆሞ የሚያየው የዶሮ ቤት ተሠራ። ሃያ ቄብ አስገቡበት። ከዚያስ? ለመኖ የተረፈችው ገንዘብ ሦስት ሳምንት እንኳ አላዘለቀቻቸውም። ትርፍራፊውን፣ ፉርሽካውን፣ ያገኙትን መወርወር ጀመሩ። ክትባቱን «በሚቀጥለው ወር» አሉት። ፈንግል ግን ቀጠሮ አያውቅም፤ አንዴ ከገባ ደግሞ መድኃኒት የለውም። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሃያዎቹ ሦስት ቀሩ። ያ ያማረ ቤት ዛሬ ከሰል ይቀመጥበታል። ልጆቹም እርስ በርስ አይነጋገሩም።

ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዲት የጎረቤት ልጅ ዕቁብ ደርሷት ወደ እኔ መጣች። ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው፤ ትሠራበት የነበረው ሱቅ ከተዘጋ ቆይቷል። በእጇ ያለችው ያቺው የዕቁብ ብር ናት።

«ጋሼ፣ አንተ እንጨት ሥራ ትሞክራለህ አይደል? ቤቱን በስንት ላሠራው?» አለችኝ።

«ብሩን ቁጭ አድርጊና ወረቀት አምጪ» አልኳት።

አብረን ጻፍን። አርባ አምስት ቀን የሞላቸውን ቄቦች ገዝታ ብትጀምር እንቁላል የምታየው ዕድሜያቸው አምስት ወር ገደማ ሲሆን ነው። ሦስት ወር ሙሉ እየበሉ ምንም አይሰጡም ማለት ነው! በዚያ ጊዜ አንዷ ብቻ ስድስት ኪሎ ያህል መኖ ትጨርሳለች። መጣል ከጀመረች በኋላ ደግሞ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትፈልጋለች። ክትባት አለ። ሽቦ አለ። ይኼ ሁሉ ሲደመር ለጣውላ የሚተርፍ ነገር አልነበረም።

ወረቀቱን እያየች ዝም አለች። «ታዲያ ይቅርብኝ?»

«ኧረ! የሚቀርብሽ ጣውላው ነው» አልኳት።

ፓሌቱን አንብቡት

ፓሌት ማለት ያ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ተደርድሮበት የሚመጣው የእንጨት ርብራብ ነው። ዕቃው ሲራገፍ እሱ በየመጋዘኑና ሕንፃ በሚሠራበት ቦታ ተጥሎ ይቀራል። መርካቶ ምናለሽ ተራን የመሰለ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበት ቦታም ሄዶ መጠየቅ ነው። ካፌዎች ቀለም ቀብተው ወንበር ሲያደርጉት አይታችሁ ይሆናል። ታዲያ ያገኙትን ሁሉ መሸከም አይደለም። በጎኑ ላይ የታተመ ማኅተም ፈልጉ፤ የስንዴ ዘለላ የሚመስል ሥዕል አለበት። በ2002 እ.ኤ.አ. የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ ያመጣው ምልክት ነው። አጠገቡ «ኤች ቲ» የሚል የላቲን ፊደል ካለ እንጨቱ ተባይ እንዳይዝ እስከ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ30 ደቂቃ በሙቀት ታክሟል ማለት ነው፤ ውሰዱት። «ኤም ቢ» ካለ ሜቲል ብሮማይድ በሚባል መርዘኛ ጋዝ የታጠነ ስለሆነ ተዉት። ማኅተም የሌለውንም ተዉት። ማኅተሙ ደህና ሆኖ እንጨቱ ዘይት የጠጣ ወይም ኬሚካል ኬሚካል የሚሸት ከሆነም አትንኩት። ዶሮ ያገኘችውን ሁሉ ትቆነጥራለች፤ እንቁላሏን የምትበሉት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

እኛ 120 በ100 ሴንቲ ሜትር የሆኑ ስድስት ፓሌቶች አገኘን። በጋሪ ስናስገባቸው እናቷ በር ላይ ቆመው አዩን። «አንቺ! የወዳደቀ እንጨት ለቅማችሁ ነው እንዴ ዶሮ የምታሳድሩት? ሰው ምን ይላል?» አሉ።

«እማዬ፣ ሰው መኖ አይገዛልኝም» ብላ ማራገፏን ቀጠለች።

አሠራሩ

ሁለት ቅዳሜ ፈጀብን። አንዱ ፓሌት ወለል ሆነ፤ አራት ማዕዘኑን ብሎኬት ላይ አስቀምጠን ከመሬት ከፍ አደረግነው። እርጥበት እንዳያገኘው፣ አይጥም ከሥሩ እንዳይራባ ነው። አንዱን በረጅም ጎኑ ለጀርባ አቆምነው፤ ከፍታው 100 ሆነ። ሁለቱን ለግራና ለቀኝ በአጭር ጎናቸው አቆምናቸው፤ ፊታቸው 120 ሆኖ ወደ ኋላ 100 እስኪሆን አግድም ተቆረጡ። በዚህ መንገድ የጣሪያው ተዳፋት ያለ ተጨማሪ እንጨት ይመጣል። አሮጌ ቆርቆሮ ተመታበት፤ ዝናቡ ግድግዳውን እንዳይመታው በየጎኑ አንድ ስንዝር አስወጣነው።

የቀሩት ሁለት ፓሌቶች ተፈታቱ። ጣውላቸው ለበሩ፣ ለእንቁላል መጣያው፣ በወለሉ፣ በማዕዘኑና በግድግዳው ታችኛ ክፍል ያለውን ክፍተት ለመድፈን ዋለ። ስትፈቱ በመዶሻ አትደብድቡት፤ የፓሌት ምስማር የተጠማዘዘ ስለሆነ ጣውላው ይሰነጠቃል። የብረት መጋዝ በመሐል አስገብታችሁ ምስማሩን ቁረጡት። የወደቀውን ምስማር ሁሉ ልቀሙ፤ መንጋጋ ቆልፍ ቀልድ አይደለም።

የግድግዳው የላይኛው ክፍል አይደፈንም። አየር ካልተዘዋወረ የኩሳቸው ሽታ ይታፈንና ዶሮዎቹ በጉንፋን ያልቃሉ። ክፍተቱን በሽቦ ሸፍኑት። ታዲያ እዚህ ላይ ገንዘብ አትሰስቱ! ቀዳዳው ሰፋ ያለው ተራ የዶሮ ሽቦ ዶሮዋ እንዳትወጣ ያግዳል እንጂ ሸለመጥማጥ እንዳይገባ አያግድም። ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ጠንካራ ሽቦ ግዙና ጫፉን በጣውላ ጠፍራችሁ ምቱት። በሩ ላይ ሁለት መቀርቀሪያ አድርጉ፤ አንዱ ላይ አንዱ ታች።

ውስጡን በተመለከተ፣ ይህን የሚያህል ቤት ለአምስት ዶሮ ይበቃል፤ ስድስተኛዋን አትመኙ። ለአንዷ 20 ሴንቲ ሜትር ቆጥ ያስፈልጋታል፤ አንድ ሜትር እንጨት ለአምስቱ ይሆናል። ጠርዙን አለስልሱት። የእንቁላል መጣያው ሠላሳ በሠላሳ የሆነ ሁለት ሳጥን ሆኖ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ጨለም ያለ ጥግ ላይ ይቀመጥ፤ ከፍ ካለ ያድሩበትና እንቁላሉን ያቆሽሹታል። ወለሉ ላይ አሥር ሴንቲ ሜትር ያህል ሰጋቱራ ይጎዝጎዝ፤ እርጥብ ሲሆን ይቀየር።

አንድ የፓሌት ጠላት አለ። በስንጥቁ ውስጥ ቀን ተደብቆ ሌሊት የዶሮ ደም የሚመጥ ቅንጣት ተባይ! ስለዚህ ቆጡን በምስማር አትምቱት፣ የሚነሣ አድርጉት። ማታ ማታ በባትሪ ከሥሩ እዩት፤ ቀይ ነጠብጣብ ከተንቀሳቀሰ አውጥታችሁ የፈላ ውኃ ድፉበት። ለእነሱም አመድ የሞላ ሳጥን ስጧቸው፤ እየተንከባለሉ ራሳቸውን ያጸዳሉ።

መዶሻ ከማንሣታችሁ በፊት

ጎረቤት አነጋግሩ። ልጅቷ አጥር የሚጋሯትን እትዬ ቀድማ ጠይቃ ነበር፤ የእሳቸው ሥጋት የሌሊት ጩኸት ነው። አውራ ዶሮ ሳይኖር እንቁላል እንደማይጣል የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ስሕተት ነው! አውራ የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ብቻ ነው። አውራ እንደማይኖር ሲነገራቸው እትዬ ፈቀዱ፤ እንዲያውም የመጀመሪያዋ ደንበኛ ሆኑ።

ቄቦቹን ስትገዙ ምን ምን ክትባት እንደወሰዱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የፈንግሉ በየጊዜው ይደገማል። ብልቃጡ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ስለሆነ ዶሮ ካላቸው ጎረቤቶች ጋር ተዋጥታችሁ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ወራቱንም ቁጠሩ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ መሐል የእንቁላል ፈላጊው ይቀንሳል። ወደ ኋላ ቆጥራችሁ ለፋሲካ እንዲደርስ አድርጉ።

የልጅቷ አምስት ዶሮዎች አምስቱም አሉ። አሁን ማለዳ በሩን የሚከፍቱት እናቷ ናቸው፤ እንቁላሉን ቆጥረው በደብተር የሚጽፉትም እሳቸው። ከሽያጩ ግማሹ ወደ መኖ ይመለሳል፤ ግማሹ ለሚቀጥለው ዕቁብ። ባለፈው ሰሞን ልጅቷን «ቤቱን ቀለም አንቀባውም?» ብላት ሣቀችብኝ።

«ጋሼ፣ እሱ ይቆይ። መጀመሪያ የክትባቱን ቀን አስታውሰኝ።»