ሮዳጅ፦ የአዲስ ውሃ ሞተር የመጀመሪያ ሰዓታት

በፎገራ ሜዳ ሩዙ ታጭዶ ሽንኩርቱ ሲተከል የርብና የጉማራ ወንዞች ዳርቻ በሞተር ድምፅ ይሞላል። ውሃ የሚስቡት ሞተሮች ሁለት ሰው በቀላሉ የሚያነሳቸው ናቸው፤ በአንድ የብረት ፍሬም ላይ ባለ 2 ወይም ባለ 3 ኢንች ፓምፕና ባለ አንድ ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር ተያይዘዋል። ችግኙ ውሃ ጠምቶት፣ ጎረቤት ቀድሞ ማጠጣት ጀምሮ፣ ብዙ ብር የወጣበትን ሞተር «ቀስ ብለህ አለማምደው» ማለት ከባድ ምክር ነው። ቢሆንም አጥብቄ እመክራለሁ፤ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት አያያዝ የሞተሩን ዕድሜ በእጅጉ ይነካልና።

መካኒኮች ይህን የማለማመጃ ጊዜ ሮዳጅ ይሉታል። የአዲስ ሲሊንደር ግድግዳ ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ ፋብሪካው ሆን ብሎ የተጠላለፉ ረቂቅ ጭረቶች ትቶበታል። ፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የከበበው ቀለበት፣ በጭረቶቹ ላይ እየተሞረደ የግድግዳውን ቅርጽ ይይዛል። ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የራሱ ውጥረት ብቻ አይደለም፤ ቤንዚኑ ሲቃጠል የሚፈጠረው ግፊት ከጀርባው ገብቶ ይጫነዋል። ስለዚህ «አዲስ ስለሆነ አይልፋ» ብሎ ለሰዓታት ያለ ሥራ በዝግታ ማቆየትም ጉዳት አለው። ግፊቱ ያንሳል፣ ፋሻው አይጫንም፣ ዘይቱ ግድግዳው ላይ እየተጠበሰ እንደ መስታወት የለሰለሰ ሽፋን ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ሞተሩ ዘይት እየበላ ይጨሳል። በሌላ በኩል ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነዳጅ መስጫውን እስከ ጥግ ከፍቶ ከጠዋት እስከ ማታ ማሠራት ገና ያልተላመደውን ብረት ያግለዋል፤ ይቧጨራል፣ ሲብስም ነክሶ ይቆማል።

መካከለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ፓምፑን አስቀድሞ ውሃ መሙላት፣ አስነስቶ ጥቂት ደቂቃ ማሟቅ፣ ከዚያ ውሃ እያሳቡ ነዳጁን ከግማሽ እስከ ሦስት አራተኛ ባለው መካከል ከፍ ዝቅ ማድረግ። አንድ ሰዓት ሠርቶ እንዲበርድ መተው ጥሩ ነው። ፎገራ ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ሳሳ ይላል። የሆንዳ መመሪያ በየ300 ሜትሩ ከፍታ ጉልበቱ በ3.5 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይናገራል፤ እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛው ሄዷል ማለት ነው። ረጅም ቱቦ ዘርግቶ ከፍ ወዳለ ማሳ መግፋት ለሮዳጅ ሳምንት የሚሆን ሥራ አይደለም።

ወደ ዘይቱ ስንመጣ ከሁሉ የሚቀድም ነገር አለ። አዲስ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ከፋብሪካ የሚመጣው ያለ ዘይት ነው። ቤንዚን ብቻ ሞልቶ ገመዱን የሳበ ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተሩን ሊያጣ ይችላል። የሚያስፈልገው ዘይት ትንሽ ነው፤ ለምሳሌ ሆንዳ ጂኤክስ160፣ 163 ሲሲው፣ የሚይዘው 0.58 ሊትር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩን ሜዳ ላይ አስተካክሎ አስቀምጦ ዘይቱን መለካት ያስፈልጋል፤ ዘንበል ባለ የወንዝ ዳር ላይ መለኪያው ይዋሻል። ከልክ በላይ መሙላትም አረፋና ጭስ ያመጣል።

«ወፍራም ዘይት ይሻላል» የሚለው እምነት ግን መታረም አለበት። በዚህ ዓይነት ሞተር ውስጥ የዘይት ፓምፕ የለም፤ ፒስተኑ የሚነዳው ክንድ ጫፍ ላይ ያለች ትንሽ ማንኪያ መሰል ነገር ዘይቱን እየጨለፈች ትረጫለች። በታኅሣሥ ጠዋት ብርድ በጣም የወፈረ ዘይት በፍጥነት አይረጭም፣ ሞተር ደግሞ በብዛት የሚበላው በተነሳበት ቅጽበት ነው። ለዚህ 10ደብሊው-30 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ፊት ያለው 10 በብርድ፣ ኋላ ያለው 30 በሙቀት የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። የአየሩ ሙቀት ከ10 ዲግሪ በታች በማይወርድበት ቦታ ነጠላው 30ም ይሠራል። ጠርሙሱ ላይ ለቤንዚን ሞተር መሆኑን የሚያሳየውን በ«ኤስ» የሚጀምር ምድብ፣ ኤስጄ ወይም ከዚያ በኋላ የመጣ፣ መፈለግ ነው። ከቤንዚን ጋር የሚቀላቀለው የሁለት ምት ሞተር ዘይት እዚህ ቦታ የለውም። ክዳኑ ያልተከፈተ ጠርሙስ መግዛትም ያስፈልጋል።

ይህ ሞተር የዘይት ማጣሪያ (ፊልትሮ) ስለሌለው ከፋሻውና ከግድግዳው የሚሞረደው የብረት ብናኝ ሁሉ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። የሆንዳ መመሪያ የመጀመሪያው ዘይት በ20 ሰዓት ወይም በአንድ ወር ይቀየር፣ ከዚያ በየ100 ሰዓቱ ወይም በየስድስት ወሩ ይላል። ብሪግስ ኤንድ ስትራተን በብዙ ሞተሮቹ ላይ ከ5 ሰዓት በኋላ እንዲቀየር ያዛል። እኔ በሁለቱም ሰዓት መቀየርን እመርጣለሁ፤ ወጪው ግማሽ ሊትር ዘይት ነው። ሞተሩ ገና እንደሞቀ የዘይት ማፍሰሻው ታፓ ሲፈታ ብናኙ አብሮ ይወርዳል። የወረደውን ዘይት ፀሐይ ላይ ይዞ ቢያዩት የብር ብልጭታ ይታይበታል፤ በ20ኛው ሰዓት ሲቀየር ብልጭታው ከቀነሰ ፋሻው ቦታውን እየያዘ ነው። የተቀዳው ዘይት ጀሪካን ውስጥ ተዘግቶ ይቀመጥ እንጂ ወንዙ ዳር አይፍሰስ፤ ከታች ያለው ሰው ሽንኩርቱን የሚያጠጣው፣ ከብቶቹንም የሚያጠጣው ከዚያው ውሃ ነው።