የካላዛር መድኃኒት ምርምር በጎንደር

የካላዛር መድኃኒት ምርምር በጎንደር፣ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ዲኤንዲአይ የተባለው ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልግ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት እና መድኃኒት አምራች ኩባንያዎች የሚሳተፉበት የረጅም ጊዜ የምርምር ትብብር ነው። ዲኤንዲአይ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት የምሥራቅ አፍሪካ ተመራማሪዎችን የሚያገናኝ የሌሽማኒያ መድረክ በካርቱም ተቋቁሟል።

በሽታውና ደገኛው

ካላዛር ሌሽማኒያ ዶኖቫኒ በተባለ ጥገኛ ተውሳክ የሚመጣ፣ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው። የማይለቅ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥ፣ መክሳትና የደም ማነስ ዋና ምልክቶቹ ናቸው፤ ካልታከመ ይገድላል። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋና ቀጠናው የመተማና የሑመራ ቆላ ነው። ከታማሚዎቹ ብዙዎቹ ግን ከጎንደር ደጋማ ወረዳዎች ለሰሊጥ አረምና አጨዳ የሚወርዱ ወጣት የቀን ሠራተኞች ናቸው። ዝንቡ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፎች አካባቢ ይራባል፣ ሲመሽም ይናከሳል፤ ሠራተኛው ደግሞ የሚያድረው እዚያው ማሳ ላይ ነው። ደገኛው ተውሳኩን ቀድሞ ስለማያውቀው ሰውነቱ በቀላሉ አይቋቋመውም። እ.ኤ.አ. በ2005 በሊቦ ከምከም የተነሣው ወረርሽኝ በሽታው ቆላ ብቻ እንደማይቀር አሳይቷል።

ገበያ የሌለው መድኃኒት

ለሰሊጥ ሠራተኛ የሚሠራ መድኃኒት ትርፍ አያመጣም። ፓሮሞማይሲን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ካላዛርን እንደሚያክም በ1960ዎቹ ቢታወቅም አምራች አጥቶ ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጧል። እ.ኤ.አ. በ2006 ሕንድ ውስጥ የተመዘገበው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ምርምሩን ካስጨረሰ በኋላ ነው፤ የሚያመርተውም ግላንድ ፋርማ የተባለ የሕንድ ኩባንያ ነው።

በሕንድ የሠራ መድኃኒት ግን በኢትዮጵያ እንደዚያው ይሠራል ማለት አይደለም። ፓሮሞማይሲን ብቻውን በምሥራቅ አፍሪካ ያስገኘው ውጤት ከሕንዱ ያነሰ ነበር። በሕንድ በአንድ ጊዜ መርፌ የሚያድነው ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢም ጎንደርን ጨምሮ ሲሞከር ውጤቱ ደካማ ሆኖ ሙከራው ተቋርጧል። ኩባንያዎች ከሆስፒታሉ የሚፈልጉት እንግዲህ ሕንፃውን አይደለም፤ ታማሚዎቹን በቅርብ የሚያውቅ፣ ከጣፊያ ናሙና ወስዶ ተውሳኩን የሚቆጥርና ከሕክምና በኋላ ለስድስት ወር የሚከታተል ባለሙያ ነው። ወቅቱ ሲያልቅ ወደየመንደሩ የሚበተነውን ሠራተኛ ለስድስተኛ ወር ምርመራ መመለስ ቀላል ሥራ አይደለም።

የተገኘው ለውጥ

ቀድሞ የነበረው ሕክምና ለ30 ቀን በየዕለቱ የሚወጋ የሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት መርፌ ነበር፤ መርፌው ያማል፣ ልብንና ቆሽትንም ይጎዳል። ጎንደርና አርባ ምንጭ በተሳተፉበት ሙከራ ከፓሮሞማይሲን ጋር ሲጣመር ጊዜው ወደ 17 ቀን ወረደ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ጥምረት መከረ። ኤችአይቪ ላለባቸው ታማሚዎች በጎንደርና ከድንበር የለሽ ሐኪሞች ጋር በአብዱራፊ የተጠናው የሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢና የሚልቴፎሲን ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2022 ተመሳሳይ ድጋፍ አገኘ። በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በሱዳንና በዩጋንዳ 439 ታማሚዎች የተሳተፉበት ሌላ ጥናት ደግሞ ሚልቴፎሲንና ፓሮሞማይሲን በ14 ቀን ከነባሩ ሕክምና ጋር ተቀራራቢ ውጤት እንደሚሰጡ አረጋግጧል። ሆኖም ሚልቴፎሲን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፣ ፓሮሞማይሲንም ያው መርፌ ነው።

ስለዚህ አሁን የሚፈለገው በአፍ ብቻ የሚወሰድ መድኃኒት ነው። ኖቫርቲስ ያገኘውና ኤልኤክስኢ408 የተባለው ውህድ የተውሳኩን ፕሮቲአዞም፣ ማለትም ያረጁ ፕሮቲኖችን የሚፈጭበትን ክፍል ያግዳል። ኩባንያውና ዲኤንዲአይ እ.ኤ.አ. በ2020 በጋራ ለማልማት ተስማምተዋል፤ በኢትዮጵያ የሚካሄደው የሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራም እ.ኤ.አ. በ2024 በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተጀምሯል።