የአሮጌ የጭነት መኪናዎችን ፍሪሲዮን ወደ ሃይድሮሊክ ለመለወጥ የመለዋወጫዎች መጣጣም ወሳኝ ነው

ለረጅም ዓመታት ያገለገሉ የጭነት መኪናዎችን በሥራ ላይ የሚያቆዩ መሥሪያ ቤቶች ከሚገጥሟቸው የጥገና ጥያቄዎች አንዱ የፍሪሲዮን ጉዳይ ነው። የሾፌሩን የእግር ግፊት ከፔዳሉ ወደ ፍሪሲዮኑ የሚያደርሱት ዘንጎችና ክንዶች በዕድሜ ብዛት ይበላሉ። ትክክለኛውን ምትክ ከገበያ ማግኘት አዳጋች በሚሆንበት ጊዜም ሥርዓቱን በዘይት ግፊት ወደሚሠራ፣ ማለትም ወደ ሃይድሮሊክ መለወጥ እንደ መፍትሔ ይወሰዳል።

ለውጡ ራሱ አዲስ አይደለም። ለአብነት ያህል በአሜሪካ ከተሠሩት የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ የሼቭሮሌትና የፎርድ ፒክ አፕ መኪናዎች የብዙዎቹ ፍሪሲዮን በዘንግና በክንድ የሚሠራ ነበር። ፋብሪካዎቹ በ1980ዎቹ ሃይድሮሊኩን በስፋት ሥራ ላይ አውለዋል። በዚህም ምክንያት የቀድሞዎቹን መኪናዎች በኋለኞቹ ዕቃዎች መለወጥ የተለመደ ሥራ ሆኗል። ይሁን እንጂ ዕቃዎቹ እርስ በርሳቸው ካልተጣጣሙ ወጪው ከንቱ ከመቅረቱም በላይ የሾፌሩንና የረዳቱን ሕይወት ለአደጋ ያጋልጣል።

ሃይድሮሊክ ፍሪሲዮን በዋናነት ሁለት ፖምፓዎች አሉት። የላይኛው ፖምፓ ከፔዳሉ ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ ሲረገጥ ዘይቱን በቱቦ ወደ ታችኛው ፖምፓ ይገፋል። የታችኛው ፖምፓ ደግሞ ሹካውን፣ ሹካው ኩሽኔታውን፣ ኩሽኔታው የፕሬዠር ፕሌቱን ጣቶች በመግፋት ዲስኩን ከቮላኖው ያላቅቃል። ከእነዚህ መካከል የአንዱ መጠን ከሌላው ጋር ካልተመጣጠነ ፍሪሲዮኑ በሚገባ አይለቅም፣ አለበለዚያም ከሚገባው በላይ ተገፍቶ ይጎዳል።

ጉዳዩን በቁጥር መመልከት ይቻላል። የላይኛው ፖምፓ የውስጥ ስፋት 19.05 ሚሊ ሜትር፣ የግፊት ጉዞው 30 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። የታችኛው ፖምፓ ስፋት 22.2 ሚሊ ሜትር ቢሆን የሚያገኘው ጉዞ 22 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሹካው ይህን ጉዞ በግማሽ የሚቀንስ ከሆነ ለኩሽኔታው 11 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። የታችኛው ፖምፓ ስፋት 25.4 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን ጉዞው ወደ 16.9 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ኩሽኔታውም የሚያገኘው 8.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ይሆናል። ፍሪሲዮኑ ለመልቀቅ 10 ሚሊ ሜትር የሚጠይቅ ቢሆን የመጀመሪያው ይሠራል፣ ሁለተኛው አይሠራም። ሁለተኛው ፔዳሉን ለእግር ቀላል ስለሚያደርገው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን ማርሽ በተለወጠ ቁጥር እየጮኸ ካምቢዮውን ይጎዳል። ስለዚህ ግፊትን ለመጨመር ሲባል ጉዞ እንደሚቀንስ መዘንጋት አይገባም።

የፕሬዠር ፕሌቱ ዓይነትም በቅድሚያ መታወቅ አለበት። በአሮጌ መኪናዎች ላይ የሚገኘው ሦስት ጣት ያለውና በጥምዝ ሞላዎች የሚሠራው ሲሆን፣ በኋለኞቹ ላይ የሚገኘው አንድ ሰፊ ዲያፍራም ሞላ ያለው ነው። ሁለቱ የሚጠይቁት ግፊትና ጉዞ የተለያየ በመሆኑ ለአንዱ የተመረጠ ፖምፓ ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ከባድ የጭነት መኪና ከሆነ ደግሞ የሾፌሩ እግር ብቻውን ስለማይበቃ በአየር የሚታገዝ ሥርዓት ሊያስፈልግ ይችላል።

ኩሽኔታውን በተመለከተ ቁመቱና የፊቱ ቅርጽ ከጣቶቹ ጋር መስማማት አለባቸው። በቀድሞው ሥርዓት ኩሽኔታው ከጣቶቹ በመጠኑ ርቆ የሚቆም ሲሆን፣ በአንዳንድ የሃይድሮሊክ ሥርዓቶች ግን ሳይለይ እየነካ ይዞራል። በመሆኑም ለዚህ ያልተዘጋጀ ኩሽኔታ ቢገጠም ሳይቆይ ይቃጠላል።

የዲስኩ ምርጫም የራሱ መለኪያዎች አሉት። ዲያሜትሩ ከቮላኖው ጋር፣ የመሐል ጥርሶቹ ቁጥርና ስፋት ደግሞ ከካምቢዮው ዘንግ ጋር መግጠም አለባቸው። ዘንጉ 10 ጥርስ ሆኖ ሳለ 26 ጥርስ ያለው ዲስክ ቢገዛ፣ የሁለቱም ዲያሜትር እኩል ቢሆን እንኳ ዕቃው ከመደርደሪያ አያልፍም።

በአገጣጠም ወቅት ሁለት ጉዳዮች ልዩ ትኩረት ይሻሉ። አንደኛው የታችኛው ፖምፓ መያዣ በሻንሲው ላይ ሳይሆን በካምቢዮው አካል ላይ መታሰር እንዳለበት ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ መቀመጫቸው ላይ ስለሚንቀሳቀሱ፣ ፖምፓው ከሻንሲው ጋር ከታሰረ የጉዞው ልክ ይዛባል። ሁለተኛው ፔዳሉ በተለቀቀ ጊዜ በመግፊያው ዘንግና በላይኛው ፖምፓ ፒስተን መካከል ጥቂት ክፍተት መኖር እንዳለበት ነው። ይህ ካልሆነ ዘይቱ ወደ ማጠራቀሚያው ሳይመለስ ግፊቱ ውስጥ ይቀራል፤ ፍሪሲዮኑም ዳገት ላይ ጭነት ተሸክሞ ሳለ መንሸራተት ይጀምራል።

የዘይቱ ዓይነትም የመጣጣም አካል ነው። ለዶት 3 ወይም ለዶት 4 የፍሬን ዘይት የተሠሩ ጎሚኒዎች የሞተር ዘይት ወይም ሌላ ማዕድናዊ ዘይት ሲነካቸው ያብጣሉ፣ ይበላሻሉም። በሲሊኮን የተሠራው ዶት 5 ደግሞ ከሁለቱ ጋር መቀላቀል የለበትም። ሥራው ሲጠናቀቅ በቱቦው ውስጥ የቀረ አየር ፈጽሞ መውጣት ይኖርበታል፤ አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉ ቢረገጥም ግፊቱ ከታች አይደርስምና።

ከዚህ ሁሉ የሚታየው ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን በግዥ ሰነዱ ላይ መሆኑን ነው። ጥያቄው "የፍሪሲዮን ፖምፓ፣ 2 ፍሬ" በሚል ብቻ ከቀረበና ዕቃዎቹ ከተለያዩ አቅራቢዎች በዝቅተኛ ዋጋ ተነጣጥለው ከተገዙ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ሥርዓቱ ላይሠራ ይችላል። የሁለቱም ፖምፓዎች ስፋትና ጉዞ፣ የፕሬዠር ፕሌቱ ዓይነትና የቡሎን አቀማመጥ፣ የኩሽኔታው ቁመት፣ የዲስኩ ዲያሜትርና የጥርስ ቁጥር እንዲሁም የዘይቱ ዓይነት በዝርዝር መግለጫው ላይ ሊሰፍሩ ይገባል። የሚቻል ከሆነም ዲስኩ፣ ፕሬዠር ፕሌቱና ኩሽኔታው ከአንድ አምራች በአንድነት ቢገዙ ይመረጣል።

በመሆኑም የትራንስፖርትና የግዥ ክፍሎች ሰነዱን ከመፈረማቸው በፊት መካኒኩ አሮጌውን ዕቃ አውርዶ የለካቸውን ቁጥሮች እንዲያቀርብ ማድረግ ይጠበቅባቸዋል። ከርክክብ በፊትም መኪናው ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ሊሞከር ይገባል። ለዚህ የሚውለው ጥቂት ሰዓት ካምቢዮ ዳግመኛ ለማውረድ ከሚባክነው ጊዜና ገንዘብ እጅግ ያነሰ ነው።