የቡሬ መገንጠያ በፍሎውቻርት

ከፍኖተ ሰላም የተነሳ መኪና ቡሬ ሲደርስ መንገዱ ይከፈላል፤ አንዱ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወስዳል። የሥራን ቅደም ተከተል በቅርጾችና በቀስቶች በሚያሳየው ሥዕል፣ በፍሎውቻርት ላይ፣ እንዲህ ያለው መገንጠያ በዳይመንድ ቅርጽ ይሳላል፤ ውስጡ ጥያቄ ይጻፋል፣ «አዎ» እና «አይደለም» የሚሉ ቀስቶች ይወጡለታል። ይህን ለመማር ጠመኔና የትምህርት ቤቱ ግቢ ይበቃል። አንዱ ተማሪ መሬት ላይ ይሳል፤ ጓደኛው እንደ መኪናው ቀስቱን ተከትሎ ይራመድ። መሄጃ ያጣበት ቦታ ላይ ስህተት አለ፤ ሁለቱም ተመካክረው ያርሙት። በእግር የተደረሰበት ስህተት አይረሳም።

ኮምፒውተር ካለ ይህንኑ መገንጠያ በስክራች ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከአሜሪካው ኤምአይቲ የወጣ፣ ትእዛዞቹ እንደ ጡብ የሚገጣጠሙ ነጻ የፕሮግራም መሥሪያ ነው። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ በአማርኛም ይነበባል። አንድ ኮምፒውተር ለሁለት ስትጋሩ ማውሱን በየተራ ያዙ።